ሃያ ጋሻ የደበቀው ባላባት

ሮቤ ውስጥ አህያ ጭነቷን ጥላ መንገድ መሀል ስትተኛ «ባላባቷ አረፉ» ይባላል። ሥራ የጠላ ጎረምሳ ባላባት ነው። ልጆች ቆርኪ ሲጫወቱ ያጭበረበረ ሁሉ ባላባት ነው። የገዛ ልጄ ታናሽ እህቱን እንደዚያ ብሎ ሲሰድባት ሰምቼ በጥፊ ብዬዋለሁ። «ምን አጠፋሁ? ሰው ሁሉ የሚለውን ነው እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰው ሁሉ ይላል።

እኔ ግን ሰው እናቱን ሰጥቶ ያን ቃል የገዛበትን ዘመን አውቃለሁ። ገዢውንም አውቀዋለሁ፤ ግድግዳ ለግድግዳ ነበርን። ጁሀራ እባላለሁ። እኔና ባሌ ቀመር ጨው፣ ላምባና ቅቤ የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችን። የሱቁ ግድግዳ የእሱም ቤት ግድግዳ ነው፤ በጭቃ ግድግዳ ደግሞ የማይሰማ ነገር የለም። ሐሜተኛ እንዳትሉኝ። ሐሜት ሰውየው በሌለበት የሚወራ ነው፤ እኔ የልቤን ሁሉ ፊት ለፊቱ ነግሬዋለሁ፤ መናገር ከነበረብኝ ከአንድ ቀን በቀር። እሱንም አልደብቃችሁም።

ገብረ ሚካኤል ደምሴ ሮቤ የገባው በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ በበቅሎ። ራፖር ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ተክሎ፣ ጣውላ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ለመጣው ገበሬ ሁሉ ማመልከቻ ይጽፋል። እጅ ጽሑፉ መልካም ነው፣ እሱን አልክድም። ከቤቱ እስከ ጃንጥላው ግን ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ቆጥሬዋለሁ። ያችን ሁለት መቶ እርምጃ በበቅሎ ነው የሚሄዳት! ማሜ የሚባል፣ በአህያ ውሃ እያመላለሰ የሚኖር ጎረምሳ ልጓሙን ይይዝለታል። ማሜ ትንሽ ከዘገየ «አንተ ጭሰኛ! እግርህን አንሣ!» ይለዋል። ማሜ ጭሰኛ ሆኖ አያውቅም፤ የሚያርሰው የሰው መሬት እንኳ አልነበረውም። ግን ያኔ የስድቡ ትልቁ እሱ ነበር።

የክብሩ ትልቁ ደግሞ ባላባት ነው። መሬት ያለው፣ ዘር የሚቆጠርለት፣ ዳኛው እንኳ ከወንበሩ ብድግ የሚልለት ሰው። ገብረ ሚካኤልም «እንደምን አደሩ ባላባቱ?» ካላሉት ጆሮው አይሰማም። በስሙ ብቻ የጠራው ሰው ማመልከቻው በሦስተኛው ቀን ነው የሚጻፍለት። «ከጎሮ ማዶ ሃያ ጋሻ መሬት አለኝ» ይላል። «ጓዳዬ ውስጥ የአባቴ ጠመንጃ አለ» ይላል። «እናቴ ሸዋ ናት፣ ከግቢዋ ወጥታ የማታውቅ ወይዘሮ ናት» ይላል። ቀመር አንድ ቀን «ሃያ ጋሻ ያለው ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ ምን ያጽፈዋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ለሕዝብ አዝኖ ይሆናል» አልኩና ሁለታችንም ሳቅን። ሳቅን እንጂ በማግስቱ ጠዋት «እንደምን አደሩ ባላባቱ?» ከማለት አልቀረንም። ነገ ማመልከቻ ያስፈልገን ይሆናላ!

በዚህ ወሬ ሚስት አገኘበት። ወለተኢየሱስ ትባላለች፣ የጎባ ልጅ ናት፤ ቤተ ሰቦቿ የምር መሬት ያላቸው፣ ሰው ሲቀርባቸው ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩ ናቸው። ቆጠረላቸው። አንደበት እንደሁ አልቸገረው።

ባገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ሴትዮ ከጎሮ ገበያተኞች ጋር መጥታ ደጁ ቆመች። በአንድ እጇ የወተት ቅል፣ በሌላው የተቋጠረ ጨርቅ ይዛለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው። እኔን አየችና በኦሮምኛ «ጉቱ እዚህ ነው?» አለችኝ። «የለም፣ እዚህ ጉቱ የሚባል የለም፤ ይሄ የባላባት ቤት ነው» አልኳት። ይኸኔ ገብረ ሚካኤል ወጣ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ሁለት እርምጃ ሄደች። እሱ ወደኋላ ዞሮ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ በትልቅ ድምፅ «አይ ሽቶ! ያሳደገችኝ ሞግዚቴ! መጣሽ?» አለ።

የሴትዮዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ቀስ ብላ እጇን ሰበሰበችና ወተቱን ለወለተኢየሱስ አቀበለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቶ፣ ስሟ ነው፣ የዚያ ቤት ገረድ ሆነች።

እውነቱን የነገረችኝ ቅቤ ልትገዛ እየመጣች ነው። አንድ ቀን ጥቂት፣ ሌላ ቀን ጥቂት። ባሏ ለታ፣ ከጎሮ ብዙ ርቆ፣ የግራዝማች ደምሴ ጭሰኛ ነበር። ልጃቸው ጉቱ ሲወለድ ግራዝማች ክርስትና አነሣውና ገብረ ሚካኤል ተባለ። ከፍ ሲልም ቄስ ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ ፊደሉን ተማረ፣ ከዚያ የክርስትና አባቱን ስም የአባቱ አስመስሎ ይዞ ወጣ። ለታ ሞተ፤ እሷ ብቻዋን ቀረች፤ ልጇን ፍለጋ መጣች። ይኸው ነው። ሃያው ጋሻ የግራዝማች ነበር። የለታ ድርሻ ማረሱ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጃንጥላው ሥር ሄጄ፣ ሰው ዞር እስኪል ጠብቄ «አቶ ገብረ ሚካኤል፣ እናትን ገረድ ማድረግ በእናንተ ሃይማኖት ይፈቀዳል?» አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። አልሰደበኝም። ብዕሩን አስቀመጠና «ጁሀራ፣ አባቴ ግራዝማች ፊት ቆሞ ሲለምን ውሾቹ ተኝተው ነበር የሚያዳምጡት። እሱ ግን ቁጭ በል ተብሎ አያውቅም። እኔ እንደሱ ቆሜ መሞት አልፈልግም» አለኝ። ምን ልበለው? «እሷስ ቆማ ትሙት?» ማለት የመጣልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። እንዲህ ነኝ፤ ጥሩ ጥሩው መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ሱቄ ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ የወለተኢየሱስ ቤተ ሰቦች አላስቀምጥ አሉት። «ወይዘሮዋን እናትህን መቼ ነው የምናውቃቸው? እኛ እንሂድ ወይስ እሳቸው ይመጣሉ?» ታመዋል አለ። መንገዱ ከባድ ነው አለ። ጾም ነው አለ። ጾሙም አለቀ። ሲጨንቀው ጊዜ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ገደላት!

አዎን፣ በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ከሸዋ መርዶ መጣ ተባለ። የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይለየሱስ፣ ነገሩን ሁሉ በመዝገብ ካልያዘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሽማግሌዎች ይዞ መርዶውን አረዳ። ገብረ ሚካኤል ራሱን መሬት ላይ ፈጠፈጠ። ድንኳን ተተከለ። ጎባ በሙሉ በአውቶቡስ መጣ። አልቃሿ ሴትዮም መሀል ቆማ እንዲህ አለች፦

እመቤቷ ሄዱ ደጁ ምን ይለብሳል፣
ሃያ ጋሻ መሬት ለማን ያለቅሳል።

ሕዝቡ ደረቱን ደቃ። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሽቶ በትልቅ ብረት ድስት የለቀስተኛውን ንፍሮ እየቀቀለች ታማስላለች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። አንዲት የጎባ እመቤት በዚያ ስታልፍ «አቤት ታማኝነት! ለእመቤቷ እንዴት ታለቅሳለች!» አለች። ሴትዮዋ እስክትርቅ ጠበቅሁና «እማማ ሽቶ፣ ለማን ነው የሚያለቅሱት?» አልኳት። እሷን በዚያች ከተማ እማማ፣ እርስዎ የምላት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱንም ሰው በሌለበት።

«ለራሴ ነዋ» አለች። «ቆሞ የራሱን ልቅሶ የሚሰማ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በደንብ አለቀሱልኝ። ጉቱም ከልቡ ነው ያለቀሰው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ጨው ለመነችኝ። እንደዚያ የጣፈጠ ንፍሮ በልቼ አላውቅም፤ ለቀስተኛው ሁሉ እስከ ሦስተኛው ቀን ሲያወራለት ነበር። አቶ ኃይለየሱስም የእድሩን መዝገብ ገልጦ፣ በገብረ ሚካኤል ስም ሥር «እናት፦ አርፈዋል፣ ድንኳን ወጥቷል» ብሎ በቀይ ጻፈ።

ይኸው ስድሳ ሰባት መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወጣ፣ መሬት ለአራሹ ታወጀ። በአንድ ክረምት ቃሉ ተገለበጠ! ትናንት «ባላባቱ እንደምን አደሩ?» ይል የነበረው ምላስ፣ ወላሂ ያው ምላስ፣ «ባላባት!» ብሎ ምራቁን ይተፋል። ጭሰኛ መሆን ደግሞ ክብር ሆነ። በሮቤ ከተማ ጭሰኛ ያልነበረ ሰው ጠፋ! ዳኛው የጭሰኛ ልጅ ነኝ አሉ። የጠጅ ቤቷ ባለቤት በእናቷም በአባቷም ጭሰኛ ሆነች። የኔው ቀመር ደህናውን ኮቱን ከአልጋ ሥር ቀብሮ ክርኑ የተቀደደውን ለብሶ ሱቅ ይቆም ጀመር። «አንተ ደግሞ የምን ጭሰኛ ነህ? አባትህ ደሎ መና የቡና ነጋዴ ነበር!» ስለው «ዝም በይ፣ የቡና ጭሰኛ ነበር» አለኝ። የምሩን ነው!

እውነተኛው የጭሰኛ ልጅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ማን ይመነው?

መጀመሪያ የመጡት ከጎሮ ማዶ የገበሬ ማኅበር ሰዎች ናቸው፤ ሃያ ጋሻውን ሊረከቡ። ገብረ ሚካኤል «የለኝም» አለ። «ለአሥር ዓመት አለኝ ስትል ሰምተናል።» «ውሸቴን ነው።» «ሸሽገኸዋል!» እስቲ ሃያ ጋሻ መሬት የት ይሸሸጋል? ትራስ ሥር? ቀጥሎ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃውን ፍለጋ ጓሮውን ቆፈሩ። የተሰበረ ገንቦና የወለተኢየሱስ የጠፋ ማበጠሪያ አገኙ። ጠመንጃው አለመገኘቱ ራሱ ጥፋት ሆነ፤ ለሽፍታ ሰጥቶት ነው ተባለ። ወለተኢየሱስ ማበጠሪያዋን ተቀብላ በዚያው ሳምንት ጎባ ገባች፤ አልተመለሰችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ቅቤው የኔ ነው፣ ቢታሽ ኖሮ አንድ ጣሳ በነጻ እሰጠው ነበር።

በስድሳ ስምንት ሰኔ ነገሩ ቀበሌ ቀረበ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ማሜ! ያ ልጓም ያዡ። ጓድ ማሜ ተብሏል። በቅሎዋ ለሕዝብ ተወርሳለች፤ ማሜ ከቤቱ እስከ ቀበሌው በእሷ ነው የሚሄደው፤ ልጓሙን አንድ አብዮት ጠባቂ ይይዝለታል። እዚህ ላይ ከሳቃችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ እኔም ያኔ ጓዳ ገብቼ ነው የሳቅሁት።

ጥሪው ግልጽ ነው። ገብረ ሚካኤል እሑድ ሕዝብ ፊት ቀርቦ መሬቱንና ጠመንጃውን ያስረክባል፤ ካላስረከበ ጎባ እስር ቤት ይወርዳል። ያኔ ጎባ ወርዶ የሚመለስበትን ቀን የሚያውቅ አልነበረም፤ ከነጭራሹ ያልተመለሱም ነበሩ። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባላባት አለመሆኑ፣ የጭሰኛው የለታ ልጅ መሆኑ። ይህን የሚመሰክር በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ጓዳው ውስጥ ወጥ ይሠራል።

እሑድ ጠዋት በግድግዳው በኩል ሰማሁት። በኦሮምኛ ነበር የሚናገረው፤ አሥር ዓመት በዚያ ቤት ውስጥ ከአንደበቱ ወጥቶ በማያውቅ ኦሮምኛ። «አዮ» አላት። እናቴ ማለት ነው። «አዮ፣ ዛሬ እናቴ መሆንሽን ተናገሪልኝ።» ከዚያ የሽቶ ድምፅ «በአደባባይ?» አለ። «በአደባባይ።»

አቤት ያን ቀን እማማ ሽቶን ብታዩአት! ሱቄ መጥታ ለፀጉሯ ቅቤ ወሰደች። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ልጇ ሊታሰር ነው እኮ! እሷ ግን እንደ ሙሽራ እናት ነበር የምትራመደው። «ጁሀራ፣ ዛሬ እናቱ ነኝ» አለችኝ።

ስብሰባው ገበያው ሜዳ ላይ ነው። ከጎባ አንድ ካድሬ መጥቷል፤ ማሜ ከአጠገቡ ተቀምጧል። ገብረ ሚካኤል ያለ ኮት፣ ያለ ባርኔጣ ቆመ። «ስሜ ጉቱ ለታ ነው» አለ። «ባላባት ነኝ ያልኩት ዋሽቼ ነው። አባቴ የግራዝማች ደምሴ ጭሰኛ ነበር። ይህቺ ሞግዚቴ ናት ያልኳችሁ ሴት እናቴ ናት።»

ከሕዝቡ አንዱ «እናትህንማ አልቅሰን ቀብረናል!» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። «ንፍሮዋን በልተናል!» አለ ሌላው። ማሜ የእድሩን መዝገብ አስመጣ። አቶ ኃይለየሱስ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፦ «እናት፦ አርፈዋል፣ ድንኳን ወጥቷል።» ማሜም ተነሥቶ የአልቃሿን ግጥም፣ «ሃያ ጋሻ መሬት ለማን ያለቅሳል» የሚለውን፣ ቃል በቃል ደገመው። «ይሄ ሲባል ደረቱን ይደቃ ነበር! ያኔ የለኝም ብሏል?» አላለም። እውነት ነው፣ አላለም።

ካድሬው ወደ ሽቶ ዞረ። «እማማ፣ አይፍሩ። ይህ ሰው ምንዎ ነው?»

«ልጄ ነው» አለች። «ኢልማ ኮ። በማኅፀኔ የያዝኩት። ልጅ ሆኖ ምድጃ ላይ ወድቆ ግራ ጎኑ ላይ ጠባሳ አለው፤ እዩት።»

ገብረ ሚካኤል ሸሚዙን ገለጠ። ጠባሳው አለ። እፎይ አልኩ፤ አለቀ፣ ዳነ ብዬ። ካድሬው ግን ፈገግ አለ። «ሞግዚቱ ነበሩ እኮ! አጥበው ያሳደጉት ሴት ጠባሳውን እንዴት አያውቁም? ሕዝብ ሆይ፣ ፊውዳሉ ምን ያህል እንደጨቆናቸው ተመልከቱ! ጉልበታቸውን በልቶ አልበቃው ብሎ፣ ዛሬ ደግሞ ራሱን ለማዳን እናቴ ነኝ በይ ብሎ በሐሰት ያስመሰክራቸዋል!»

ጭብጨባው ጆሮ ይበጥሳል። ያንን ሁሉ ዓመት ሰው አምኖ የኖረው ውሸቱን ነው፤ እውነቱን ሲናገር ውሸቱ ራሱ ቆሞ መለሰለት።

ማሜ ግን፣ አላህ ያውቃል፣ ትንሽ የተጠራጠረ መሰለኝ። «ጎረቤት አለ? የሚያውቅ ይናገር» አለ።

ሽቶ ወደ ማሜም፣ ወደ ልጇም አላየችም። ሰዉን ሁሉ በዓይኗ ሰንጥቃ እኔን አየችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ቀመር ሻሼን ከኋላ ያዘ። «ልጆችሽን» አለኝ፣ በጆሮዬ። ሱቃችን ከሁለት ሳምንት በፊት ተቆጥሯል፤ ጨው ደብቃችኋል ተብለን ስማችን አሻጥረኛ ነጋዴ ሆኗል። ለባላባት የመሰከረች አሻጥረኛ ምን እንደምትሆን ለመገመት ካድሬ መሆን አያስፈልግም። አፌን ዘጋሁ። መሬት መሬት አየሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። እኔ ጁሀራ፣ ምላሰኛዋ፣ ለሰው ሁሉ ፊት ለፊት የምናገረው!

ገብረ ሚካኤልን በዚያው ቀን ጎባ አወረዱት። ቤቱ ተወረሰና ለማን ተሰጠ? ለጭቁኗ ለእማማ ሽቶ! ካድሬው ቁልፉን በሕዝብ ፊት እጇ ላይ አስቀመጠላት፤ ተጨበጨበ። ወረቀቱ ላይ «የባላባት ገረድ የነበሩ» ተብሎ ተጽፏል። ልጇን ወስደው ግድግዳ ሰጧት።

በማግስቱ ቅቤ ልትገዛ መጣች። ፊቷን ማየት አቃተኝ። እሷ ግን «ፈራሽ አይደል?» አለችኝ። «አይዞሽ። እኔም አሥር ዓመት ሙሉ ፈርቼ ዝም ብያለሁ።» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ ጎባ ስንቅ አመላለሰች። እህል የጫነ መኪና ሲያዝንላት በመኪና፣ ሳያዝንላት በእግሯ። የሶማሌ ጦርነት ጊዜ መንገዱ በወታደር ሲሞላ እንኳ አልቀረችም። በረኛው በየጊዜው «ምኑ ነዎት?» ይላታል። «እናቱ።» ወረቀቷን ያይና «ገረድ ነው የሚለው» ይላል፤ ወደ ውስጥም «ባላባት! ገረድህ መጣች!» ብሎ ይጣራል። እሱም ከውስጥ «እናቴ ናት!» ብሎ ይጮኻል፤ እስረኛው ይስቃል። አንድ ቀን በረኛው የምር አዝኖ «እማማ፣ ነጻ ወጥተዋል እኮ! እስከ መቼ ያገለግሉታል?» አላት። «ልጄ፣ እናት ደግሞ ነጻ ትወጣለች እንዴ?» አለችው። ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር።

በሰባ አንድ ተፈታ። ጥርሱ ረግፏል፣ ወገቡ ጎብጧል። ሁለቱን መቶ እርምጃ አሁን ሁለት ጊዜ አርፎ ነው የሚሄዳት። የቀበሌው ቅጽ ላይ የቤቱ ኃላፊ ሽቶ ናት፤ እሱ «ደባል» ተብሎ ተጻፈ። ልጆች በመንገድ «ባላባት! ባላባት!» እያሉ ይከተሉታል። ያ ቃል ሲጠራ በፊት በቅሎ ላይ ሆኖ አንገቱን ያቀና ነበር። አሁን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ቤት ውስጥ ግን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ «አዮ» ነው። አዮ ውሃ ላምጣልሽ፣ አዮ ብርድ ነው ግቢ። አራት ዓመት ጠገበችው። ጥሩ አራት ዓመት ነበር፤ እሷም አንድ ቀን «ባላባት የሆንኩት አሁን ነው» ብላኛለች።

በሰባ አምስት፣ በጥቅምት፣ እማማ ሽቶ ሞተች። አላህ ይዘንላት።

ገብረ ሚካኤል አቶ ኃይለየሱስ ዘንድ ሄደ። «እናቴ ሞተች» አለ። አቶ ኃይለየሱስ መዝገቡን ገለጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ መዝገብ ያምናል እንጂ። «የአንተ እናት በስድሳ አንድ አርፈዋል፤ ድንኳን ወጥቷል። እሳቸውን አባል ስለሆኑ እንቀብራለን። ባለ ልቅሶ ግን የላቸውም፤ ድንኳኑን ለማን እንትከለው?»

ጠዋት ጎህ ሲቀድ የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባውን ነፋ። «ወይዘሮ ሽቶ፣ የባላባቱ ሞግዚት የነበሩ፣ አርፈዋልና በአራት ሰዓት ለቀብር እንድትወጡ!» አለ። ከኋላው ደግሞ የተሰነጠቀ ድምፅ ተሰማ፦ «እናቴ ናት! የጉቱ እናት! እኔ የለታ ልጅ ጉቱ ነኝ!»

ወጥቼ አየሁ። ለፋፊው ከፊት ይሄዳል፣ ገብረ ሚካኤል በባዶ እግሩ ከኋላው ይከተላል። ለፋፊው ባወጀ ቁጥር እሱ ያርማል። ሰው በየደጁ ቆሞ ይስቃል። ልጆቹ «ባላባት! ባላባት!» ይላሉ። ቀመር ከኋላዬ «ግቢ» አለኝ። ዞሬም አላየሁት። መንገዱ መሀል ገብቼ ከገብረ ሚካኤል ጎን ቆምኩና በዚያ ሰው ሁሉ ፊት «እናቱ ናት! በማኅፀኗ የያዘችው! ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሳቁ ቆመ። ማሜ በበቅሎዋ ላይ ሆኖ ያልፍ ነበር። አየኝ። «ያኔ ስጠይቅ የት ነበርሽ?» አለኝ። መልሱን እስከ ዛሬ ሱቄ ውስጥ እፈልጋለሁ።

ከቀብር መልስ ቤቱ ገባሁ። ድንኳን የለም፣ ሰው የለም። መሬት ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ንፍሮ ቀቅዬ ወስጄለት ነበር። በእጁ ቆንጥሮ ቀመሰ።

«ጨው አንሶታል» አለኝ። «ያኔ የቀቀለችው እንዲህ አልነበረም።»

ሱቄ ሙሉ ጨው ነው፤ ስቸኩል ረስቼው ነው። ላመጣ ብድግ ስል ቀሚሴን ያዘኝ። «ተዪው ጁሀራ፣ ቁጭ በይ» አለ። «ለቀስተኛ ሄደ እንዳይባልባት።»

ተቀመጥኩ።